የእትዬ ሁለት ነጥቦች

ወንድሜን በስሙ የሚጠራው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ሚስቱ። ለሰፈሩም፣ ለደንበኛውም፣ ለዘመድ አዝማዱም «ባለብሎን» ነው። እናታችን ራሷ በሕይወት ሳለች «እስቲ ያንን ባለብሎን ጥሩልኝ» ትል ነበር። እኔ ታናሽ እህቱ ስለሆንኩ «ጋሼ» እለዋለሁ። ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና ወጣት ሳለ፣ ራዲዮና ቴፕ መጠገን የጀመረ ሰሞን ነው። ድምፁ የታፈነ ቴፕ ሲመጣለት ሌላውን ሁሉ ትቶ፣ ካሴቱን የሚያነበው ክፍል አጠገብ ያለችውን ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ይነካካታል። ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ፤ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጣል፤ ድምፁም ድንገት ጥርት ይላል። ከዚያ ብሎኗ እንዳትነቃነቅ በጥፍር ቀለም ያትማታል። የጥፍር ቀለሙ የእኔ ነበር። በልጅነቴ አንድ ጠርሙስ እንኳ ራሴ ጨርሼ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ጸሐፊ ነበርኩ። መጽሐፍ የምትደርስ ማለቴ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ የሰው ጽሑፍ በታይፕ የምትመታ ማለቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መታሁ። ቃል ስቼ፣ መስመር ዘልዬ፣ ነጥብ ጥዬ አላውቅም። አዲስ የሚመጡት ልጆች ሲመቱ ያነባሉ፤ ስለሚያነቡ ያርማሉ፤ ስለሚያርሙም ያበላሻሉ። እኔ ስመታ አላነብም። ዓይኔ ያያል፣ ጣቴ ይመታል፣ ጭንቅላቴ ቁጭ ብሎ ያርፋል። አንድ ጊዜ አለቃዬ «የደብዳቤው ሐሳብ እንዴት ነው?» ቢለኝ «ሐሳብ ነበረው እንዴ?» ብዬ ቢሮውን በሙሉ አስቄበታለሁ። ያን ጊዜ በዚህ እኩራራ ነበር። አሁን ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል።

የወንድሜ ሚስት፣ እኔ እትዬ የምላት፣ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቋን በመዳፏ የምትሸፍን ሴት። ከመጨረሻው ወንበር የሚንሾካሾክ ተማሪ ምን እንዳለ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች ሳትዞር ትናገር ነበር ይባላል። ጆሮዋ እንዲህ ነበር። የእጅ ጽሑፏን ያስተማሯት አባቷ ናቸው፤ እሳቸው በዱሮው ወግ በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ ያስቀምጡ ስለነበር እሷም ያንኑ ይዛ ቀረች። ሌላው ሰው ክፍት ቦታ መተው ከጀመረ ስንት ዘመኑ ነው፤ እሷ የሱቅ ዝርዝር ስትጽፍ እንኳ በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ፣ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ታደርጋለች። ስንቀልድባት «ነጥቡን ካላስቀመጥኩ ቃሎቹ የሚጋጩ ይመስለኛል» ትላለች።

ከጋሼ ጋር የተገናኙት በአንድ ኮምፒዩተር ምክንያት ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ መምህራን ተመርጠው ለሦስት ወር ኮምፒዩተር እንዲማሩ ተደረገ። ኮምፒዩተር ስል የዛሬውን እንዳታስቡ፤ ሁለመናው ወፍራም የፊደል ቁልፍ ሰሌዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ የገባ፣ ከተራ ቴሌቪዥን ጋር በሽቦ የሚገናኝ፣ ያን ጊዜ የቤት ኮምፒዩተር የሚባል ማሽን ነው። ፕሮግራሙን የሚቀበለው ከካሴት ነበር። ካሴቱ ሲጫወት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያሰማል፤ ያ ጩኸት ነው ለማሽኑ ትምህርቱ። ጋሼ በሳምንት አንድ ቀን እየሄደ ቴፖቹን ያጸዳላቸው ነበር። ቦርሳውን አንግቶ ገብቶ፣ ብሎን ነካክቶ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ይወጣል።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ መምህር በደብተሩ የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ላይ አስገብቶ ማሳየት ነበረበት። የጻፉት ፓስካል በሚባል ቋንቋ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ያንን ቋንቋ በተፈጥሮው አያውቅም። መጀመሪያ ኮምፓይለር የሚባለው ነገር ከካሴት መግባት አለበት፤ ሰው የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው የሚመልስ አስተርጓሚ ማለት ነው። የእትዬ ተራ መጨረሻ ላይ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ቴፑ አላነብም ብሎ ድርቅ አለ። ጋሼ ተጠርቶ መጣ፤ ሲታገል፣ ሲታገል ሰዉ ሁሉ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሄደ፤ ዘበኛው ቁልፉን ያንቃጭል ጀመር። እትዬ ሰማያዊ ደብተሯን አቅፋ ኮሪደር ላይ ትጠብቅ ነበር። ቴፑ ሳይሠራ ቦርሳውን አንግቶ ሲወጣ «ስምህ ማን ነው?» አለችው። ነገራት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሙ ጠራችው፤ በስድስት ወራቸው ተጋቡ።

ሥልጠናው የተሰጠበት ትምህርት ቤት አሮጌዎቹን ማሽኖች ሲያስወግድ ጋሼ አንዱን ከነኮምፓይለሩ ካሴት ለሚስቱ ይዞላት መጣ። «በይ እንግዲህ ፕሮግራምሽን እንየው» ሲላት ፊቷ ቀላ፤ «ተወው፣ የልጅነት ሥራ ነው» ብላ ደብተሩን ደበቀችው። በየዓመቱ ይጠይቃታል፤ በየዓመቱ በመዳፏ ውስጥ ትስቃለች። ማሽኑም ቁምሳጥን አናት ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቀረ። ልጅ አልወለዱም። እሷ የሰው ልጅ አስተማረች፤ እሱ ቴፕ ሲጠፋ ራዲዮ፣ ራዲዮ ሲጠፋ የስልክ ቻርጀር ጠገነ፤ በመጨረሻ ሱቁን የስልክ ሽፋን ለሚሸጥ ሰው ለቆ ቤቱ ገባ።

ባለፈው ዓመት የእትዬ ልብ ደከመ። እግሯ አበጠ፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ ታርፋለች። ሐኪሙ ጋሼን ለብቻው ጠርቶ «ቤቷ ብትሆን ይሻላታል» አለው። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። እኔም ልብሴን በሻንጣ ይዤ እነሱ ቤት ከረምኩ። አንድ ጠዋት ትራሷን ሳስተካክልላት ወደ ቁምሳጥኑ አናት እያየች ስሙን ጠራችው።

«ያ ፕሮግራሜ ይሠራ ነበር ይሆን?» አለችው።

«አሁን እሱ ነው ያሳሰበሽ?»

«ሳላየው ብሄድ ይቆጨኛል። አንተ ሳታየው ብሄድ ደግሞ የበለጠ ይቆጨኛል።»

ጋሼ ወንበር አምጥቶ ወጣና ማሽኑን አወረደው።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት ልንገራችሁ። ሳሎኑ እንደ ድሮው ሱቁ ሆነ። የማሽኑ የኤሌክትሪክ ክፍል አብጦ ስለነበር ምትኩን ከሌላ ራዲዮ ነቅሎ በየደለት። የቴፑ ቺንጋ፣ ካሴቱን የሚያሽከረክረው ላስቲክ፣ ቀልጦ ጥቁር ማስቲካ ሆኗል፤ በአልኮልና በጥጥ ሲጠርግ ዋለና በምትኩ ከሞተ ቴፕ አውጥቶ አስገባ። የፊደል ቁልፎቹን አንድ በአንድ አነሣ፣ አጠበ፣ መስኮት ላይ አሰጣ። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እጁ ግን የድሮው ነው። እትዬ ከመኝታ ቤት ሆና «አስተርጓሚው መጣ?» ትለዋለች። «መንገድ ላይ ነው» ይላታል። በየሰዓቱ ነው ይህ።

ሁሉም ነገር ሲያበቃ ብሎኗ ቀረች። ካሴቱን ከፈተው፤ ያ የሚበሳ ጩኸት ቤቱን ሞላው፤ ማሽኑ ግን አልቀበልም አለ። ጋሼ ካቻቢቴውን አስገብቶ ማዞር ጀመረ። ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ ያዞራል፣ ይመልሳል። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ነው የሚመስለው።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»

«ዝናብ ብቻ ነው የሚሰማኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቷል። ከጠፋብኝ ቆይቷል። ለእሷ እንዳትነግሪያት።»

በጆሮው የኖረ ሰው ነው። ምን እንደምለው ሳስብ ከመኝታ ቤት የመምህርት ድምፅ መጣ።

«ወደ ኋላ መልሰው። አለፍከው።»

ጋሼ ቀና አለ። መለሰው።

«ትንሽ ጨምር። ትንሽ። እ… እዚያ ጋ። እዚያ ጋ ተወው።»

ተወው። ለእኔም ተሰማኝ፤ ጩኸቱ ከመጋረጃ ጀርባ የወጣ ያህል ጥርት አለ። ጥፍር ቀለም አምጪ አለኝ፤ አመጣሁ፤ አተማት። ስድስት ደቂቃ ጠብቀን የኮምፓይለሩ ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ሲወጣ ጋሼ ልጅ ሆነ። መኝታ ቤት ሮጦ ገብቶ «አስተርጓሚሽ ደርሷል» አላት። እሷም በመዳፏ ውስጥ ሳቀች። ጆሮው እንደደከመ ከእኛ ቀድማ ታውቅ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

በነጋታው ደብተሩን ከትራሷ ሥር አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ለእሱ አይደለም። «አንቺ ምቺው። እሱ አንድ ፊደል እንዳያይ። ሲሠራ ነው የሚያየው» አለችኝ። «አንቺም አታንብቢው» ልትል አፏን ስትከፍት «እኔ አንብቤ አውቃለሁ?» አልኳት፤ ሳቀች። ዘጠና አራት መስመር ነው። ትእዛዙ የፈረንጅ ቃል ነው፤ መልእክቶቹ የእኛው ቋንቋ ሆነው በፈረንጅ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅማ። ቴሌቪዥኑን ወደ እኔ አዞርኩ። ጋሼ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተቀመጠ።

መታሁ። በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ አለ፤ ሁለት ነጥብ መታሁ። በዚያ ማሽን ሁለት ነጥብ የሚወጣው ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑት ነው፤ ጣቴ እስኪዝል ድረስ አንድም አላስቀረሁም። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ነበር፤ ሁለቱን ደግሜ መታሁ። እኔ የማሽን ቋንቋ ምን አውቃለሁ። እንዲህ ነጥብ የበዛበት ነገር ሆኖ ይሆናል አልኩ። እንዲያውም አሰብኩ ማለት ይበዛብኛል። ዓይኔ አየ፣ ጣቴ መታ።

ኮምፓይለሩ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ። የስህተት ቁጥር ጻፈና ዝም አለ። የቁጥሮቹ ፍቺ ያለበት ገጽ ከማሽኑ ጋር ከመጣው የመመሪያ ፎቶኮፒ ላይ ተገንጥሎ ጠፍቷል። ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩ፤ አንድ ነጥብ አልጎደለም። ደግሜ አመሳከርኩ፤ አልጎደለም።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ጋሼ ግድግዳውን እያየ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ?» አልኩት በቁጣ።

አመነኝ። ያ ሰው አመነኝ። እኔ ካልተሳሳትኩ ደግሞ የተሳሳተው ካሴቱ ነው፤ ኮምፓይለሩ ሲገባ ተጎድቶ ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ትናንት እሷ ባገኘችለት ቦታ ያተመበትን ጥፍር ቀለም በምላጭ ፍቆ ብሎኗን ፈታት።

ከዚያ ጠፋችበት። ያን ቀን ሙሉ አዞረ፤ አልተገኘችም። በማግስቱም እንዲሁ። እትዬ መድኃኒቱ ከብዷት ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ እሱ እንዳይቀሰቅሳት ድምፁን ቀንሶ፣ የማይሰማውን ነገር ቀንሶ፣ ይፈልጋል። ምግብ አቅርቤለት ሳይነካው ይቀዘቅዛል። በኋላ አኮረፍኩ፤ በእኔ ቤት የሰው ጥፋት ተሸክሜያለሁ። ስንት ጊዜ በሻንጣዬ አጠገብ ሳልፍ ደብተሩ እዚያው ውስጥ ነበር። አላየሁትም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነቃች። ስሙን ጠራች፤ ድምፅ ግን የለም፤ ከንፈሯ ነው የተንቀሳቀሰው። የቴፑን ነገር በዓይኗ ጠየቀችው። ጋሼ ቴፑን በወንበር ላይ አድርጎ መኝታ ቤቱ በር ላይ አመጣውና እንድታየው አድርጎ ተንበረከከ። ጩኸቱን ከፈተ። እሷ ጣቷን ከብርድ ልብሱ አወጣች። ጣቷ ሲንቀሳቀስ ያዞራል፤ ሲቆም ይቆማል። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ ያቺን አንድ ጣት ለማንሣት ስትታገል ትንፋሿን እሰማለሁ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ መዳፏን ዘርግታ ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈችው። እዚያ ጋ ማለቷ ነው። ጋሼ ካቻቢቴውን አወጣ፣ አተማት፣ ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፋ።

ኮምፓይለሩ ገባ። የመታሁትን በሌላ ካሴት አስቀምጬው ስለነበር እሱንም አስገባን። የመጀመሪያው መስመር። ያው ቁጥር።

ጋሼ ወደ እሷ ሲገባ ፊቱን ማስተካከል አልቻለም። ዓይኗን ገልጣ አየችው።

«ማሽኑ ምን አለህ?» አለችው፤ አሁን ድምፅ ነበራት።

ምን ብሎ ይመልስላት? ፕሮግራሙ ምን እንደሚል አያውቅ። ሊዋሻት እንኳ አልቻለም።

«ግድ የለም» አለችው። «ነገ ይነግርሃል።»

በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ ወጥ ቤት ውኃ ሳፈላ፣ ሞተች። ጋሼ እጇን ይዞ ነበር።

ለቅሶው አለፈ፤ ሰዉም ሄደ። ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ማናችንም ቀና ብለን አናየውም። ጋሼ ይነሣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሰው ሲመጣ «ባለብሎን፣ በርታ» ይለዋል። በርታ ማለቱ ምንም አይደለም። ባለብሎን ሲሉት ግን ፊቱ ይጨልም ነበር። ስሙ ከእሷ ጋር እንደተቀበረ ገባኝ። እኔ በስሙ ልጥራው ብዬ አንድ ሁለቴ ሞክሬ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ፤ ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ጋሼ ማለት ከየት ልተው።

በሦስተኛው ሳምንት የወጥ ቤቱን መሳቢያ ሳጸዳ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። የእሷ እጅ ናት። «ሳሙና፡ ሁለት፡ ሻማ፡ አንድ፡ ክር፡ ጥቁር፡ የእሱ፡ የጆሮ፡ ጠብታ።» የጆሮ ጠብታ የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቷን ልስማት ወደ ከንፈሬ ሳቀርብ ነጥቦቹን አየኋቸው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት ያየሁት ነው። አርባ ዓመት የቀለድኩበት ነው። ተነሥቼ ደብተሩን አመጣሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመመሪያውን ፎቶኮፒ ገልጬ አጠገቡ ዘረጋሁ። በምሳሌዎቹ ውስጥ በቃልና በቃል መሀል ምንም የለም፤ ክፍት ነው። ሁለት ነጥብ ያለው በጣት በሚቆጠር ቦታ ነው። የቀረው በሙሉ የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ወግ ነው። ኮምፓይለሩ አልተጎዳም። ካሴቱ አልተበላሸም። ብሎኗ መጀመሪያ እትዬ «ተወው» ያለችበት ቦታ ላይ ትክክል ነበረች። የእኔ ጣት ነው።

ዝም ብዬ ላስተካክለውና «ማሽኑ ተሻለው» ልበለው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን ያ ሰው «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ አምኖኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደመለሰ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቷን ፊቱ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት።

ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«እንግዲያው ያን ቀን ጣቷን ያነሣችው በከንቱ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ፣ በሩን ዘጋ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ደስ ባለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ዓይኑ ቀልቶ ወጣ።

«እሷ ብትሆን ስቃ ትሞት ነበር» አለ፤ ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረና ተቀመጠ። «በይ ምቺው።»

ኮምፓይለሩን ጫንን። እሷ በጣቷ ባመለከተችው ቦታ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መታሁት፤ ትእዛዙን ከመመሪያው ጋር እያስተያየሁ፣ ትርፉን ነጥብ ሁሉ እያወጣሁ። መልእክቶቹ በጥቅስ ውስጥ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ ጥቅስ ውስጥ ያለውን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው፤ ስለዚህ እዚያ ያሉትን የእሷን ነጥቦች አልነካኋቸውም። ዘጠና ሦስት መስመር አለፈ። የመጨረሻው ላይ ቆመ። አራት ነጥብ ነበር፤ ፓስካል የሚጨርሰው በአንድ ነው። አጥፍቼው አንዲት ነጥብ ብቻ መታሁ።

አለፈ።

ቴሌቪዥኑን ወደ እሱ አዞርኩና «ዙር፣ ጋሼ» አልኩት። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ።

«ሰላም፡ ባለብሎን፡ ከአንድ፡ እስከ፡ መቶ፡ አንድ፡ ቁጥር፡ ይዣለሁ፡ ገምት።»

ጋሼ ግራ ገባው። «ባለብሎን ብላኝ አታውቅም እኮ» አለ።

በአንድ ጣቱ ሃምሳ ጻፈ። «ዝቅ፡ በል።» ሃያ ጻፈ። «ከፍ፡ በል፡ ቀና፡ ብለህም፡ እየኝ።» አርባ ጻፈ። «ዝቅ፡ በል፡ ዝም፡ ብለህ፡ አትነካካ፡ ብሎን፡ አይደለም።» ጋሼ ሳቀ። ከሞተች ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ። ሠላሳ አምስት። ከፍ በል። ሠላሳ ሰባት።

«አገኘኸው፡ ሰው፡ ሁሉ፡ ባለብሎን፡ ይልሃል፡ እውነተኛ፡ ስምህ፡ ማን፡ ነው።»

ከሥሩ ትንሽዋ ምልክት ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃለች። ያን የመጨረሻ ቀን፣ ከአርባ ዓመት በፊት፣ ማሽኑ ይህን ሊጠይቅላት ነበር። ማሽኑ እምቢ ሲል ነው ኮሪደር ላይ ቆማ በገዛ አፏ የጠየቀችው። እነዚህን ፊደሎች ሁለት ጊዜ አንድ በአንድ የመታሁት እኔ ነኝ፤ አንዱንም አላነበብኩም።

ጋሼ ስሙን ጻፈ። ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፤ ቁልፉ ሲጫን እሰማለሁ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ስሙን መልሶ ጻፈው፤ ከስሙ ቀጥሎም እንዲህ ይላል፦

«በር፡ ላይ፡ ጠብቀኝ፡ ደብተሬን፡ ሰብስቤ፡ እመጣለሁ።»

ሌላ መስመር አልነበረውም። ፕሮግራሙ እዚያ ላይ ያልቃል። እኔ አለቀስኩ፤ አልደበቅኩትም። ጋሼ አላለቀሰም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስሙን ያያል። ማሽኑ መጋል ሲጀምር የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ እንዳይቃጠልበት ፈርቼ ጠጋ አልኩ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ሞቋል። ላጥፋው?»

«ተይው» አለኝ ዓይኑን ሳይነቅል። «ጠብቀኝ ብላኛለች።»